የቀለበት ጣት

ልጄ፣ በቴሌግራም የላክህልኝን ትዝታ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አንዴ ብቻዬን፣ አንዴ ከባለቤቴ ጋር፣ አንዴ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። ባለቤቴ «ይሄ ልጅ በሁለት ሳምንት እንዲህ ከሆነ በዓመቱ ምን ሊሆን ነው!» አለች። ጓደኞችህም እንዳጨበጨቡልህ ነግረኸኛል። ደስ ብሎኛል፤ ማሲንቆ ይዞ ያደገ ልጅ በገዛ ገንዘቡ የቻይናውን ባለሁለት ክር ኧርሁ ገዝቶ እንደ አዲስ ልማር ሲል የማይደሰት ሽማግሌ የለም።

እውነቱን ካልነገርኩህ ግን «ጋሼ» ማለትህ ምን ይጠቅምሃል? የላክህልኝ ኧርሁ አይደለም። ማሲንቆህ ነው። ቅኝቱ ልክ ነው፣ ጣትህ ንጹሕ ነው፣ ስሜቱም አለ። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ክር ብቻ ነው የሰማሁት። መሣሪያው ሁለት ክር እያለው ውስጠኛው አንዴ እንኳ ድምፅ አላወጣም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እጅህ አንድ ክር ነው የሚያውቀው፤ ሁለተኛው መኖሩንም አላየም። እኔም ካላክላ ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ያኔ ማሲንቆ ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ካላክላን አታውቃትም። ከካርቱም በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይን ተከትለህ ወደ ጀበል አውሊያ ስትሄድ የምታገኛት ሰፊ ሰፈር ናት። ላፋ የሚሏት አደባባይ አለቻት፤ ትርጉሙ መዞሪያ ማለት ነው፤ አውቶቡሱም ረክሻውም ሻይ ሻጯም እዚያ ነበሩ። ሐበሻ በካርቱም ሰፈሮች በደይምና በጅሬፍ ቤት ኪራይ ሲወደድበት ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እኔ ቀን ቀን መንገድ በሚሠራ የቻይና ድርጅት ካምፕ ወጥ ቤት እሠራ ነበር፤ ዓርብ የሥራ ዕረፍት ስለሆነ ሐሙስ ማታ ለሐበሻ ሰርግና ክርስትና ማሲንቆ እመታ ነበር።

ካምፑ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የብየዳ ባለሙያ ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከኮንቴይነር ቤታቸው ደጃፍ በርጩማ አውጥተው ኧርሁ ይጫወታሉ። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሌላ ማሲንቆ መቺ ካምፑ የተቀጠረ መስሎኝ ድስቱን ጥዬ ወጣሁ። የሳጥኑን ማነስ፣ የአንገቱን ቅጥነት፣ የጭራውን ደጋን ሳይ ደግሞ ይባስ ዘመድ መሰለኝ። እሳቸው አማርኛ የላቸው፣ እኔ ቻይንኛ የለኝ፤ ሁለታችንም በተሰባበረ የሱዳን ዓረብኛ ነው የምንነጋገረው። ስጡኝ አልኳቸው፤ ሰጡኝ። ወዲያው ትዝታን መታሁ። የካምፑ ሠራተኛ ተሰብስቦ አጨበጨበ።

ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁ። «ኩወይስ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው የግራ እጄን የቀለበት ጣት በሁለት ጣታቸው ያዙና ከተቀመጠችበት አንሥተው ወደ ላይ፣ ወደ መሐል ጣቴ አስጠጓት። «እዚህ» አሉ። ድምፁ ለጆሮዬ ስሕተት ሆነብኝ። ጣቴን መለስኩ። መልሰው አስጠጓት። «ታኒ» አሉ፤ እንደገና ማለት ነው። ያቺን «ታኒ» ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ማታ ማሲንቆህን ይዘህ እያየህ አንብበው። ማሲንቆ ላይ ባዶው ጭራ አንድ ድምፅ ይሰጥሃል። አራቱ ጣቶችህ አራት ይሰጡሃል። በድምሩ አምስት። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ስለሆነ እጅህ ሳይንቀሳቀስ ቅኝቱ በሙሉ መዳፍህ ውስጥ አለቀ። ስለዚህ ጣቶችህ የተቀመጡት በቅኝቱ ርቀት ነው፤ በትዝታ ሜጀር ከመሐል ጣት እስከ ቀለበት ጣት ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ሦስተኛውን ድምፅ ይዘህ አራተኛውን ዘልለህ አምስተኛው ላይ ታርፋለህ። ያ ዝላይ በጣትህ ውስጥ ገብቶ አጥንት ሆኗል። ኧርሁ ግን ሁለቱ ክሮቹ የሚቃኙት ሬ እና ላ ላይ ነው፤ በመካከላቸው የአምስት ድምፅ ርቀት አለ። አምስተኛው ድምፅ በባዶው ውጫዊ ክር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። የቀለበት ጣትህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም፤ ቦታዋ ከመሐል ጣት አጠገብ፣ የኛ ቅኝት የሚዘልላት አራተኛዋ ድምፅ ላይ ነው። ቻይናዎቹም ብዙ ጊዜ አይጠቀሙባትም፤ ቤቷ ግን እዚያው ነው። አንተ የሌላ ሰው ቤት ገብተህ አልጋውን እንደ ቤትህ አዘዋውረህ ተኛህበት።

ይህ ለጀማሪ ችግር አይደለም። ምንም የማያውቅ ልጅ ጣቱን አስቀምጥ ባሉት ቦታ ያስቀምጣል። ችግሩ የኔና ያንተ ነው። ብዙ የሚያውቅ እጅ ከመጠየቁ በፊት ይመልሳል።

ደግሞ ቅኝቱ ራሱ ያታልላል። ቻይናዎች ጎንግ፣ ሻንግ፣ ጁዌ፣ ጂ፣ ዩ የሚሏቸው አምስት ድምፆች አሏቸው፤ ጎንግን ቤት አድርገህ ስትይዛቸው የኛ ትዝታ ሜጀር ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም። ሙዚቃቸውን በቁጥር ነው የሚጽፉት፤ 1 2 3 5 6 ብለው ሲጽፉ ትዝታ ተጽፎ እያየህ ነው። ይህን የቁጥር ጽሑፍ ተማር፤ ነጥብ ከላይ ሲሆን ከፍ ያለ፣ ከታች ሲሆን ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ መስመር ሲሰመር ደግሞ አጠር ያለ ድምፅ ነው፤ በሳምንት ትለምደዋለህ። የሰሜን ሱዳን ዘፈንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የመሐመድ ወርዲን ድምፅ ሐበሻ ሳይተረጎምለት የሚያለቅስበት፣ ሰይድ ኸሊፋን አዲስ አበባ እንደ ልጇ የያዘችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ካላክላ ላይ በአንድ ምሽት ከጎረቤት ሬዲዮ የሱዳን ዘፈን፣ ከካምፑ ኧርሁ፣ ከእኔ ቤት ማሲንቆ ሲሰማ ጆሮዬ ከአገር አገር አልዞረም፤ ከክፍል ክፍል ነው የዞረው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ባዳ ቤት ቢሆን ተጠንቅቀህ ትገባ ነበር። ዘመድ ቤት ስለመሰለህ ጫማህን ሳታወልቅ ገባህ። ኡድ ብትማር፣ የዓረቡ ቅኝት ጆሮህን ስለሚያስደነግጠው ከመጀመሪያው ቀን ተማሪ ትሆናለህ። ኧርሁ ግን በመጀመሪያው ቀን ዘፈን ይሰጥሃል፤ በዚያ ዘፈን ረክተህ ዕድሜ ልክህን ደጅ ላይ ልትቀር ትችላለህ። የኧርሁ ጣዕም በአምስቱ ድምፆች ውስጥ አይደለም። ከአንዱ ወደ አንዱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ ጣት እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ድምፁ እንዴት እንደሚርገበገብ። እኛም እናርገበግባለን፤ ግን ስንዘፍን ጉሮሯችንን በምናርገበግብበት መንገድ ነው የምናርገበግበው። እነሱ ጣትን በክሩ ላይ እያንከባለሉ የሚያወጡት አለ፣ ክሩን እየተጫኑና እየለቀቁ የሚያወጡት አለ፣ ጣትን ወዲህና ወዲያ እያንሸራተቱ የሚያወጡት ደግሞ ሌላ ነው። የትኛው የት እንደሚገባ ደንብ አለው። አንድን ረጅም ድምፅ ዝም ብሎ ቀጥ አድርጎ መያዝም ደንብ አለው፤ እኔ በጣም የተቸገርኩት እሱን ነው፤ እጄ ባዶ ድምፅ ሲሰማ እንደ እናት ካላባበልኩት አለ።

አሁን ስለ ደጋኑ ልንገርህ፤ ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ይህን ነው።

ማሲንቆ ላይ ደጋንህ ነፃ ነው። ታነሣለህ፣ ትጥላለህ፣ ጭራው ላይ ታንጠባጥበዋለህ፣ ሰው ሲሸልምህ በደጋኑ ታመሰግናለህ። አጭር ነው፤ ትንፋሹም አጭር ነው፤ ምክንያቱም አንተ ራስህ ትዘፍናለህ፣ ረጅሙን ትንፋሽ ጉሮሮህ ይሸፍነዋል። የኧርሁ ደጋን ጭራ ግን በሁለቱ ክሮች መካከል ገብቶ የታሠረ ነው። አይወጣም። በአንዱ ፊቱ ውስጠኛውን፣ በሌላው ፊቱ ውጫዊውን ይነካል። የትኛው ክር እንደሚናገር የምትመርጠው ደጋኑን በማንሣት አይደለም፤ በቀኝ እጅህ የመሐልና የቀለበት ጣቶች ነው። ጭራውን ወደ ራስህ ስትስበው ውስጠኛው ይናገራል፤ ለቀቅ አድርገህ በትሩን ወደ ውጭ ስትገፋ ውጫዊው። ደጋኑ ሳጥኑ ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚሄደው፤ እንደ ጀልባ ውኃው ላይ። ርዝመቱ ደግሞ የማሲንቆህን ደጋን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ሽማግሌው የቀለበት ጣቴን ካስተካከሉ በኋላ ግራ እጄን ጨርሶ አሳረፉት። ለአንድ ወር ባዶ ክር ብቻ። ውስጠኛውን ክር፣ አንድ ደጋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ቀኝ፣ ስምንት እስኪቆጠር። ከዚያ አንድ ደጋን ወደ ግራ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ እንዳይጮህ፣ መጨረሻ ላይ እንዳይሞት፣ መሐል ላይ እንዳያብጥ። «ሹወያ ሹወያ» ይሉኛል፤ ቀስ በል። ሰርግ ላይ ሕዝብ ሲያስጨፍር ያደረ ሰው፣ ማታ ማታ ካምፕ ውስጥ አንድ ድምፅ እየጎተተ! የወጥ ቤት ባልደረቦቼ «ምነው ማሲንቆው ጠፋህ?» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ሳምንት ልተወው ነበር። ያቆየኝ አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ራሳቸው ሁልጊዜ ዘፈን ከመጀመራቸው በፊት ያንኑ ባዶ ክር ይጎትቱ ነበር። ለእኔ ብቻ የታዘዘ ቅጣት አልነበረም። የእሳቸው ጸሎት ነበር።

ወሩ ሲያልቅ አንድ ምሽት ከነጭ ዓባይ በኩል ነፋስ መጣ፤ እኔም ደጋኑን ወደ ቀኝ ስጎትት ቀኝ አንጓዬ በራሱ ዞረ፤ ማንም ሳያዘው። ድምፁ አልተቆረጠም፤ ወደ ግራ የተመለሰበትን ቦታ እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ሽማግሌው ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሆነው «አህ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። በማግስቱ የግራ እጄን መለሱልኝ።

በዚያው ዘመን የደረሰብኝን አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ፤ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ጎረቤቴ ከሜሮዌ አካባቢ የመጣ የሻይጊያ ጎሳ ሰው ነበር፤ ጠንቡር ይጫወታል። ጠንቡር የኛ ክራር ወንድም ነው፤ አምስት ክር፣ ሳጥኑ ክብ፣ ቀኝ እጅ ይመታል፣ ግራ እጅ የማይፈለገውን ክር ያፍናል። ክራር ስለማውቅ በአንድ ምሽት ያዝኩት። እሱም እንደ ቻይናዊው በትሕትና ሰማኝና ጠንቡሩን ከእጄ ወስዶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ደሊብ የሚሉትን ምታቸውን በጭብጨባ አስተማረኝ። ለሁለት ሳምንት ጭብጨባ ብቻ፤ የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠን፣ ጀበናው እየፈላ። ጭብጨባው እግሬ ውስጥ ሲገባ ጠንቡሩን አውርዶ ሰጠኝ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከቻይና አንዱ ከሰሜን ሱዳን፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አደረጉኝ፤ የማውቀውን ከእጄ ወስደው የማላውቀውን ሰጡኝ።

ይህን መንገድ የሄድነው እኔና አንተ ብቻ አይደለንም። ኑቢያዊው ሐምዛ አላዲን እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለደው ዋዲ ሐልፋ አጠገብ ባለችው ቶሽካ ነው፤ የአስዋን ግድብ ውኃ ያጠፋት መንደር። ኡዱን ይዞ አሜሪካ ገባ፣ ዓለም አወቀው፣ ሸክላ አስቀረጸ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1980ዎቹ ወደ ጃፓን ሄዶ ቢዋ ለመማር ተቀመጠ። ቢዋ የቻይናው ፒፓ ልጅ ነው፤ ፒፓና ኡድ ደግሞ ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው። ሐምዛ የሄደው የራሱን መሣሪያ የሩቅ የአጎት ልጅ ሊጎበኝ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ያህል ስም ይዞ፣ ጣቱን የት እንደሚያስቀምጥ መጠየቅ ቀላል አይደለም።

ወደ እኛም በተቃራኒው የመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ሆኖ አዲስ አበባ መጣ። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ነበር። ማሲንቆ ከስመ ጥሩው ማሲንቆ መቺ ከጌታመሳይ አበበ ተማረ። ሰተን ሐሊም ኤል-ዳብ በ1963 ባቋቋመው በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ ተጫወተ፣ በአማርኛም ዘፈነ፤ በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ሲዞር አብሮ ነበር። አስበው፤ የውጭ ሰው ማሲንቆ ሲይዝ እኛ ምን እንሰማለን? ድምፁ ልክ መሆኑን አይደለም የምንሰማው፤ ጣዕሙን ነው። «ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» እንላለን፣ ወይም አንልም። ቻይናዊም ያንተን ኧርሁ የሚሰማው እንዲሁ ነው። እኛ ከሌላው የምንጠብቀውን ሌላው ከእኛ ሲጠብቅ አይክበድህ።

ስለ አቢንግ ሳልነግርህ አልቀርም። ትክክለኛ ስሙ ኋ ያንጁን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1950 የኖረ የዉሺ ከተማ ሰው። አባቱ የዳኦ ቤተ መቅደስ አገልጋይ ነበር፤ ሙዚቃን ያስተማረውም እሱ ነው። አቢንግ ከጊዜ በኋላ ዓይኑ ጠፋ፣ ደኸየ፣ በከተማዋ መንገዶች ኧርሁና ፒፓ እየተጫወተ የሰፈሩን ወሬና የዘመኑን ነገር እየዘፈነ ኖረ። ታውቀዋለህ ይህን ሰው። አዝማሪ ነው። በ1950 ያንግ ዪንልዩ እና ሳኦ አንኸ የተባሉ የሙዚቃ ምሁራን መቅጃ ይዘው መጡና ስድስት ዜማዎች አስቀሩለት፤ ሦስት በኧርሁ፣ ሦስት በፒፓ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። ስድስቱ ብቻ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ፣ በሁለተኛው ምንጭ ላይ ስላረፈችው ጨረቃ የሚባለው፣ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቀው የኧርሁ ዜማ ነው። ዛሬ ማታ ፈልገህ ስማው። ግን አትሞክረው። ቢያንስ ሁለት ዓመት አትንካው። ስማው ብቻ፤ ዓይንህን ጨፍነህ የቀኝ እጁን ስማ። ልምምድ ከፈለግህ ሊዩ ቲያንኋ የደረሳቸው አርባ ሰባት መለማመጃዎች አሉ። እሱ ኧርሁን ከመንደርና ከመንገድ አንሥቶ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ነው፤ በ1932 ገና በ37 ዓመቱ ሞተ። ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምር። የምታውቀው መስሎህ አትዝለል።

ደግሞ ይህንንም ልብ በል። የኧርሁ «ሁ» ባዕድ ማለት ነው፤ በሰሜን የሚኖሩትን ዘላን ሕዝቦች ቻይናዎች የሚጠሩበት የድሮ ስም። መሣሪያው ራሱ ከሺህ ዓመት በፊት ከውጭ የገባ ስደተኛ ነው። ዛሬ ከቻይና የበለጠ ቻይና ሆኗል። ያን ሁሉ ዘመን ወስዶበታል።

መሣሪያውን ስለመጠበቅ ጥቂት ልበልህና ልለፍ። ፊቱ የዘንዶ ቆዳ ነው። ዘንዶ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚቆጣጠረው እንስሳ ስለሆነ ይዘህ ከአገር ስትወጣ ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለህ፤ የገዛህበትን ደረሰኝና ምስክር ወረቀት አትጣል። ዕጣን አትቀባው፤ እኛ ጭራችንንም ደጋናችንንም ዕጣን እናጠግባለን፤ ለኧርሁ ግን የሚሸጥ ጠጣር ሙጫ አለ፣ ደጋኑን ብቻ በስሱ ቀባ። ክሮቹን ከአንገቱ ጋር አቅፋ የያዘችውን ትንሽ ክር ሳታውቅ አታንቀሳቅሳት፤ ቺየንጂን ትባላለች፣ ሺህ ጂን ማለት ነው፣ በእኛ አምስት ኩንታል። ያን ያህል የከበደ ስም የሰጧት በከንቱ አይደለም፤ በአንድ ጣት ውፍረት ከተንቀሳቀሰች ድምፁ በሙሉ ይለወጣል። ከብርኩማው ሥር ያለችውን ቁራጭ ጨርቅም ቆሻሻ መስላህ አትጣላት፤ የምትጮኸውን ክፉ ድምፅ የምታበርድ እሷ ናት።

ከሁሉ በላይ ግን እሳት አታስጠጋው። ማሲንቆ ሲላላ ፀሐይ ወይም ፍም ዳር እናሞቀዋለን፤ እኔም እንዲሁ መሰለኝ። ካርቱም ደረቅ ስለሆነች ቆዳው ዓመቱን ሙሉ ጥብቅ ነው፤ በነሐሴ ዝናብ የጣለ ዕለት ግን ላላ። ሽማግሌው ሥራ ላይ ሳሉ ደስ ላሰኛቸው ብዬ ወጥ ቤት ወስጄ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። እንደ ደረቅ ቅጠል የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ተሰንጥቋል። ማታ ሲመለሱ በሁለት እጄ ይዤ ሰጠኋቸው። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ለሁለት ቀን አልተጫወቱም፤ አልተቆጡኝምም። በሦስተኛው ቀን በርጩማቸውን አወጡ፤ በተሰነጠቀው ኧርሁ ባዶውን ክር ጎተቱ፤ «ታኒ» ብለው ሰጡኝ።

መምህር ፈልግ። ከስልክ ላይ ብዙ መማር ይቻላል፤ ስልክ ግን ጣትህን ይዞ አያስጠጋልህም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሄደህ ጠይቅ፤ አንድ የሚጫወት ሰው ቢገኝ ለሁለት ሰዓትም ቢሆን ቀኝ አንጓህን ይይልህ። የተመረቀ መሆን የለበትም። የኔ መምህር በያጅ ነበሩ።

ማሲንቆህን አትተው። ሰዓታቸውን ግን ለይ። ጠዋት ኧርሁ፣ ማታ ማሲንቆ፣ በመካከል ሌላ ሥራ ይኑር። በአንድ ወንበር ላይ አንዱን አስቀምጠህ ሌላውን አታንሣ፤ ለመጀመሪያው ዓመት እጅህ ያምታታል። አዝማሪ ቤትም ይዘኸው አትግባ፤ ገና አይደለም። ሰው ለአዲስ ነገር ይሸልማል፤ የተሸለምክበትን ስሕተት ደግሞ ማረም ከባድ ነው። አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በኧርሁ መምታት ትችላለህ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አንገቱ ላይ መከፋፈያ ስለሌለው ማንኛውም ቅኝት ይገባበታል፤ አንድ ቀን እንደምትመታቸውም አልጠራጠርም። መጀመሪያ ግን የቤቱን ሰው ቋንቋ ተናገር።

ስለ ማሲንቆህ የምትሰጋ ከሆነ አትስጋ። እኔ ከዚያ ወር በኋላ ሰርግ ላይ ማሲንቆዬን ሳነሣ አንዲት የጎንደር እናት ጠራችኝና «ዛሬ ደጋንህ ምን ነካው? ትንፋሽ ገዛ» አለችኝ። ያን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

ሽማግሌው ሥራቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሰነጠቀውን ኧርሁ ትተውልኝ ሄዱ። ለብዙ ዓመት ካላክላ በቤቴ ግድግዳ ላይ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበረ፤ ለፋሲካ ዶሮ ገዝተን፣ እኔ ማሲንቆዬን አዲስ ጭራ አልብሼ። ጠዋት የሱዳኑ ጦርነት ተኩስ ተጀመረ። እስኪበርድ ብለን ሳምንታት ጠበቅን፤ አልበረደም። ስንወጣ በአንድ እጅ የሚያዝ ብቻ ነበር የሚቻለው፤ በገዳሪፍ አድርገን በመተማ ገባን። ማሲንቆው ከእኔ ጋር ገባ። ኧርሁው እዚያው ቀረ። ግድግዳው ይኑር አይኑር አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። በሚቀጥለው ወር የምትልክልኝ ትዝታ አይሁን። ውስጠኛውን ክር ባዶውን፣ አንድ ደጋን ወደ ቀኝ፣ አንድ ደጋን ወደ ግራ፣ ስምንት ስምንት እየቆጠርክ አስር ደቂቃ ያህል ቅዳልኝ። ስልኩን ከሳጥኑ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። ማታ ሁሉም ሲተኛ ነው የማዳምጠው።